«ስንት ባይት ነው?» ብለን ማንን እንጠይቅ? በፓራለል ፕሮግራሚንግ የዳታ ዓይነትን መጠን የሚናገሩት ሲነጻጸሩ

አንድ ትንሽ ስትራክት፣ ማለትም የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ ስም የሚይዝ ዓይነት፣ እንያዝ። ውስጡ ሦስት ነገር አለ። መጀመሪያ አንድ ቻር (ፊደል)፣ ቀጥሎ አንድ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር)፣ መጨረሻ ላይ አንድ ኢንት (ሙሉ ቁጥር)። በተለመደው ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ቻሩ 1 ባይት፣ ደብሉ 8፣ ኢንቱ 4 ነው። ድምሩ 13።

ይህንኑ ስትራክት የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን የመጠን መጠየቂያ ሳይዝኦፍን ብትጠይቁት 24 ይላችኋል። ፕሮሰሶች (ለየብቻቸው የሚሮጡ ፕሮግራሞች) መልእክት የሚለዋወጡበትን የኤምፒአይን ታይፕ ሳይዝ ብትጠይቁት 13። የዚያኑ የኤምፒአይን ትሩ ኤክስቴንት ብትጠይቁት 20። ማንም አልዋሸም። ሦስቱም ትክክል ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። «ስንት ባይት ነው?» አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ቢያንስ አራት ነው። በመልእክቱ የሚሄደው ዳታ ስንት ነው? ሜሞሪ ላይ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ምን ያህል ይረዝማል? ቀጣዩ ኤለመንት ከየት ይጀምራል? ጠቅልዬ ልላከው ብል ምን ያህል ባፈር (ዳታው የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ) ላዘጋጅ? ተራ ፕሮግራም ስንጽፍ ሳይዝኦፍ ስለሚበቃን ልዩነቱን ልብ አንለውም። ፕሮሰሶች መልእክት መለዋወጥ ሲጀምሩ ነው ጉዱ የሚፈላው።

እኔም አንድ ሰሞን በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሚመጡትን ስትራክቶች የምቀበልበትን ባፈር በታይፕ ሳይዝ አባዝቼ ነበር ያዘጋጀሁት። ለ1000 ስትራክት 13,000 ባይት ማለት ነው። መልእክቱ ሲደርስ ግን ኤምፒአይ ስትራክቶቹን የሚዘረጋው በ24 ባይት እርምጃ ነው። የመጨረሻው ሲቀመጥ 23,996ኛው ባይት ላይ ይደርሳል። በትንሽ ቁጥር ስሞክረው ምንም አላለም። ቁጥሩ ሲጨምር ወደቀ። ያውም የወደቀው መልእክቱን በተቀበልኩበት መስመር ላይ ሳይሆን ቆይቶ፣ ሌላ ሜሞሪ ስመልስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበደለውን ፋንክሽን ስመረምር ከረምኩ።

## መጀመሪያ መለኪያዎቹ

የትኛው ይሻላል ከማለታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ።

አንደኛውና ዋናው፣ ክፍተቶችን ይቆጥራል ወይ የሚለው ነው። ከላይ በ13 እና በ24 መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው፣ መልሱን የሚሰጠው ማነው? ኮምፓይለሩ የሚያውቀው እኛ ኮዱ ውስጥ ያወጅነውን ዓይነት ብቻ ነው። በኤምፒአይ ፋንክሽኖች እየገጣጠምን የፈጠርነውን ዓይነት የሚያውቀው ላይብረሪው ነው። ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ መልሱ ይታመናል ወይ? አራተኛው፣ ዳታው ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ቢሄድ ያው መልስ ይሠራል ወይ?

ፍጥነትን መለኪያ አላደረግኩትም። እነዚህ ጥያቄዎች በሙሉ እዚያው ፕሮሰሱ ውስጥ የሚመለሱ ናቸው። ኔትወርክ አይነኩም፤ ሌላ ፕሮሰስም አይጠብቁም። ከሉፕ ውጭ አንዴ ጠይቆ መልሱን መያዝ ይበቃል።

## ሳይዝኦፍ

የሁሉም መነሻ ነው። በሲ እና በሲፕላስፕላስ መልሱን የሚሰጠው ኮምፓይለሩ ነው። በተለመደው አጠቃቀም ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚጨምረው ሥራ የለም።

24 ያለን ለምንድን ነው? ደብል በ8 የሚካፈል አድራሻ ላይ መቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቻሩ በኋላ 7 ባይት ባዶ ይተዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከኢንቱ በኋላ 4 ባይት ይጨመራል፤ ስትራክቶቹ በአሬይ ሲደረደሩ የሁለተኛውም ደብል በ8 የሚካፈል ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ቅደም ተከተሉን ቀይራችሁ ደብሉን መጀመሪያ፣ ኢንቱን ሁለተኛ፣ ቻሩን መጨረሻ ብታደርጉት 16 ይሆናል። ምንም ሳትቀንሱ ከእያንዳንዱ 8 ባይት አተረፋችሁ ማለት ነው። ሜሞሪ ለጠበበበት ሰው ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም።

የሳይዝኦፍ ድክመት ከስትራክቱ ውጭ ያለውን አለማየቱ ነው። የሲፕላስፕላስን ቬክተር (ርዝመቱ የሚያድግ አሬይ) ሳይዝኦፍ ብትሉት በተለመዱት ባለ 64 ቢት ላይብረሪዎች 24 ይላል። ውስጡ ሚሊዮን ቁጥር ቢኖርም 24 ነው። የሚለካው ቁጥሮቹ ያሉበትን አድራሻ የያዙትን ሦስት ፖይንተሮች ብቻ ነዋ። ወደ ፋንክሽን የተላለፈ አሬይም እንዲሁ ነው፤ ፖይንተር ሆኖ ስለሚገባ 8 ይላል። ጀማሪ ሁሉ አንዴ የሚወድቅባት ጉድጓድ ናት።

ሌላው፣ መልሱ የዚያ ማሽንና የዚያ ኮምፓይለር ብቻ ነው። ሎንግ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው፤ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ነው። ሎንግ ደብል በሊኑክስ ኢንቴል ማሽን ላይ 16 ባይት ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ግን እውነተኛው ቁጥር 10 ባይት ነው፤ የቀረው ሙሊት ነው። በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ደግሞ 8 ነው።

ፎርትራን ውስጥ የሳይዝኦፍን ቦታ የሚይዘው ከፎርትራን 2008 የመጣው ስቶሬጅ ሳይዝ ነው። ልብ በሉ፣ የሚመልሰው በቢት ነው። በ8 ማካፈል የረሳ ሰው ከሚያስፈልገው 8 እጥፍ ሜሞሪ ይይዛል። ኤምፒአይ ለፎርትራን ያዘጋጀው የራሱ ሳይዝኦፍ ነበረው፤ በ2021 የወጣው ኤምፒአይ 4.0 ግን ወደ ጡረታ መንገድ አስገብቶታል። በአዲስ ኮድ ውስጥ አትጀምሩት።

## ታይፕ ሳይዝ

ይህኛው የሚቆጥረው እውነተኛውን ዳታ ብቻ ነው። ክፍተት አያውቅም። ስትራክታችንን 13 ያለውም ለዚህ ነው። አንድ መልእክት ስንት ባይት ዳታ ይዞ ሄደ ለማለት፣ የኔትወርኩን ፍጥነት ለመለካት፣ የመጣውን ኤለመንት ብዛት ወደ ባይት ለመቀየር ትክክለኛው እሱ ነው።

ባፈር ለማዘጋጀት ግን አትጠቀሙበት። እኔ የተቀጣሁት በዚህ ነው። ክፍተት የሌለበት ዓይነት ሲሆን መልሱ ከሳይዝኦፍ ጋር ስለሚገጥም ለወራት ሊያታልላችሁ ይችላል። አንድ ቀን አንድ ሰው ስትራክቱ ላይ አንዲት ቻር ይጨምራል፤ ያኔ ይለያያሉ።

ከኤምፒአይ ጋር አብረው የሚመጡ ጥንድ ዓይነቶችም አሉ። ትልቁ ቁጥር የት ፕሮሰስ ላይ እንዳለ ለማወቅ የምንጠቀምበት ደብል ኢንት የሚባለው ዓይነት ዳታው 12 ባይት ነው። ሜሞሪ ላይ ግን በተለመዱት ማሽኖች 16 ይይዛል። «አብሮ የተሰራ ነው፣ ክፍተት አይኖረውም» ማለት አያዋጣም።

ሁለተኛው ችግሩ የመልሱ ሳጥን ጠባብ መሆኑ ነው። የቆየው ፋንክሽን መልሱን የሚሰጠው በተራ ኢንት ነው። ኢንት የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ነው። 300 ሚሊዮን ደብል አንድ ላይ አያይዛችሁ አንድ ዓይነት ብትፈጥሩ 2.4 ቢሊዮን ባይት ነው፤ አይገባም። ያን ጊዜ «ያልተወሰነ» የሚል ምልክት ይመልስላችኋል። ምልክቱን ሳያዩ ማባዛት የጀመረ ሰው መጨረሻው አያምርም። በ2012 የወጣው ኤምፒአይ 3.0 ኤክስ የሚል ፊደል የተጨመረበትን ትልቅ ቁጥር የሚችል አቻ አመጣ። በ2021 ደግሞ ኤምፒአይ 4.0 መጨረሻቸው ላይ ሲ ያለባቸውን ሙሉ ቤተሰብ ጨመረ። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ፣ ላይብረሪያችሁ ካለው ወደ እነዚህ ሂዱ።

## ኤክስቴንት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ኤክስቴንት የእርምጃ ርዝመት ነው። አንድ ኤለመንት ተጠናቅቆ ቀጣዩ ከየት ይጀምራል ለሚለው መልሱ ነው። ከኤክስቴንት ጋር አብሮ የታችኛው ወሰን የሚባል ሌላ ቁጥርም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው።

ወንበር በረድፍ ተደርድሯል እንበል። ሦስት ሰዎች በመካከላቸው ባዶ ወንበር እየተዉ ተቀምጠዋል። የሰዎቹ ቁጥር ታይፕ ሳይዝ ነው። ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ያለው ወንበር ትሩ ኤክስቴንት ነው። ቀጣዩ ቡድን ከየትኛው ወንበር ይጀምር የሚለው ደግሞ ኤክስቴንት። ሦስተኛውን እኛ እንደፈለግን መወሰን እንችላለን። ቀጣዩ ቡድን በእነዚህ መካከል በቀሩት ባዶ ወንበሮች ላይ ይቀመጥ ብንል ማንም አይከለክለንም።

ይህ ለቀልድ ያመጣሁት አይደለም። 1000 በ1000 የሆነ የደብል ማትሪክስ አለን እንበል፤ በሲ ልማድ ረድፍ በረድፍ የተቀመጠ። አንዱን ዓምድ መላክ ፈለግን። ቬክተር በሚባለው የኤምፒአይ ዓይነት (ከሲፕላስፕላሱ ቬክተር የተለየ ነው) ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንድ ደብል እንዲያነሳ እናደርጋለን። የዚህ ዓይነት ታይፕ ሳይዝ 8,000 ባይት ነው። ኤክስቴንቱ ግን 7,992,008 ባይት ነው። ማትሪክሱ በሙሉ 8,000,000 ባይት መሆኑን አስታውሱ።

አሁን «ሁለት ዓምድ ላክ» ብንለው ምን ይሆናል? የመጀመሪያውን በትክክል ይወስዳል። ሁለተኛውን ለመጀመር 7,992,008 ባይት ይራመዳል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ ሊያነብ ሲሞክር ከማትሪክሱ ውጭ ይወጣል። መድኃኒቱ ክሪኤት ሪሳይዝድ በሚባለው ፋንክሽን ኤክስቴንቱን 8 ማድረግ ነው። ያኔ ሁለተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ካለው ደብል ይጀምራል። ዳታው ያው 8,000 ነው፤ እርምጃው ብቻ አጠረ።

ለስትራክትም ሪሳይዝድ ያስፈልጋል። ኤምፒአይ የስትራክቱን መጨረሻ በራሱ ግምት ነው የሚያጠጋጋው። ብዙ ጊዜ ከኮምፓይለሩ ጋር ይገጥማል፤ የእኛው ምሳሌ 24 ይመጣል። ግን ኮምፓይለሩን «ክፍተት አትተው፣ አጠጋግተህ ጠቅጥቅ» ብላችሁ ያዘዛችሁት ከሆነ ሳይዝኦፍ 13 ይሆናል። ኤምፒአይ ደግሞ ደብል ስላየ 16 ሊል ይችላል። አሬያችሁ በ13 ይራመዳል፣ ላይብረሪው በ16። ከሁለተኛው ኤለመንት ጀምሮ ያለው ሁሉ ቆሻሻ ይሆናል። ስለዚህ ስትራክት በፈጠራችሁ ቁጥር ኤክስቴንቱን ከሳይዝኦፍ ጋር እኩል አድርጉት። አንድ መስመር ነው።

የድሮ ኮድ ስታነቡ «ጌት» የሌለበት ታይፕ ኤክስቴንት የሚባል ካገኛችሁ አትደነቁ። ከኤምፒአይ 3.0 ወዲህ ከደረጃው ወጥቷል። ታይፕ ጌት ኤክስቴንት በሚለው ተኩት።

## ትሩ ኤክስቴንት

ኤክስቴንትን እኛ ራሳችን ልንቀይረው ከቻልን፣ ዳታው በእውነት የያዘውን ቦታ ማን ይነግረናል? ትሩ ኤክስቴንት። እኛ ያደረግነውን ማስተካከያ አይሰማም። ለማጠጋጋት የተጨመረውንም ጭራ አይቆጥርም። ዓምዳችን ኤክስቴንቱ 8 ከሆነ በኋላም ትሩ ኤክስቴንቱ 7,992,008 እንደሆነ ይቀራል።

ለብዙ ኤለመንት ትክክለኛውን ባፈር የምናሰላው ሁለቱን አጣምረን ነው። ከኤለመንቱ ብዛት አንድ ቀንሱ፣ በኤክስቴንት አባዙ፣ ትሩ ኤክስቴንትን ደምሩ። ለ1000 ስትራክት 999 በ24 ሲባዛ 23,976፤ 20 ሲደመር 23,996። ያ ሁለት ቀን የበላኝ ቁጥር ይኸው። ሌላ ሰው የፈጠረውን ዓይነት የሚቀበል ላይብረሪ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ስሌት የግድ ነው። አብሮት የሚመጣውንም እውነተኛ የታችኛ ወሰን እዩት፤ ዜሮ ካልሆነ የባፈሩን መነሻ አድራሻ በዚያው ልክ ማስተካከል አለባችሁ።

## ፓክ ሳይዝ

የተለያዩ ነገሮችን በእጅ ጠቅልሎ በአንድ መልእክት ለመላክ ነው። የሚሰጠው ልክ ያለውን መጠን ሳይሆን ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ነው። ስለዚህ ከ13 ቢበልጥ አትገረሙ። ኮሚዩኒኬተሩንም፣ ማለትም መልእክት የሚለዋወጡትን ፕሮሰሶች ቡድን፣ ይጠይቃችኋል። ዳታው ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ወይም ወደ ፋይል የሚሄድ ከሆነ ኤክስተርናል የሚባለው ወንድሙ አለ፤ በተወሰነ፣ በማሽን በማይለወጥ አጻጻፍ ነው የሚያሰላው።

## ጂፒዩ እና ፓይተን

ጂፒዩ ላይ አንድ ወጥመድ ብቻ ልጥቀስ። ሦስት ፍሎት (ባለ 4 ባይት ነጥብ ያለው ቁጥር) የያዘው ፍሎት3፣ ጂፒዩን ለማዘዝ ከምንጠቀምባቸው ሁለት መንገዶች በአንዱ፣ በኩዳ፣ 12 ባይት ነው። በሌላው፣ በኦፕንሲኤል፣ ግን 16 ነው፤ እንደ ፍሎት4 ነው የሚቀመጠው። ኮድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው አሬዩን ሳያስተካክል ቢገለብጥ ከሁለተኛው ኤለመንት ጀምሮ ይዛባል። ኦፕንሲኤል ውስጥ ሳይዝ ቲ የሚባለው ዓይነትም እንደ መሣሪያው 4 ወይም 8 ባይት ሊሆን ስለሚችል ለከርነል (ጂፒዩው ላይ ለሚሮጠው ፋንክሽን) በአርጊውመንትነት አይሰጥም።

ፓይተን ላይ የቁጥር አሬይ ላይብረሪውን ነምፓይን አይተምሳይዝ ብላችሁ ጠይቁ። የእኛን ስትራክት እንዳለ ብትገልጹለት 13 ይላል፤ «አላይን» የሚለውን ካበራችሁ 24። ከሲ ኮድ ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ አብሩት። ጌትሳይዝኦፍ የሚባለውን የፓይተን ፋንክሽን ግን እርሱት። እሱ የሚለካው የፓይተንን ዕቃ ነው። ለአንዲት ፍሎት እንኳ በ64 ቢት ሲፓይተን (በተለመደው ፓይተን) 24 ባይት ይላችኋል፣ ቁጥሩ 8 ሆኖ ሳለ።

## በአንድ እይታ

| መልስ ሰጪው | የሚቆጥረው | ለስትራክታችን | ለማትሪክሱ ዓምድ | ለምን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| ሳይዝኦፍ | ዳታ ከነክፍተቱና ከነጭራው | 24 | አያውቀውም | ሜሞሪ ለመያዝ፣ ለትሬድ ሥራ |
| ታይፕ ሳይዝ | ዳታ ብቻ | 13 | 8,000 | የመልእክት መጠን ለመለካት |
| ኤክስቴንት | እርምጃ | 24 (ሪሳይዝድ ከተደረገ የታዘዘው) | 7,992,008፤ ከሪሳይዝድ በኋላ 8 | ኤለመንቶችን ለመደርደር |
| ትሩ ኤክስቴንት | ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዳታ | 20 | 7,992,008 | ባፈር ለማስላት |
| ፓክ ሳይዝ | የጥቅሉ ጣሪያ | 13 ወይም ከዚያ በላይ | 8,000 ወይም ከዚያ በላይ | በእጅ ለመጠቅለል |

## ታዲያ እናንተ የትኛውን ትያዙ?

አንድን ፕሮግራም ጎን ለጎን በሚሮጡ የሥራ መስመሮች (ትሬዶች) በሚያሠራው በኦፕንኤምፒ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ትሬዶቹ አንድ ሜሞሪ ስለሚጋሩ ሳይዝኦፍ ይበቃችኋል። የእናንተ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ሁለት ትሬዶች የሚጽፉባቸው ቦታዎች አንድ የካሽ መስመር (ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው የሜሞሪ ቁራጭ) ላይ እንዳይወድቁ። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች መስመሩ 64 ባይት ነው። እዚህ ላይ ክፍተት ሆን ተብሎ ይጨመራል።

ኤምፒአይ ላይ ሆናችሁ የምትልኩት የደብል ወይም የኢንት አሬይ ብቻ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ዓይነቱንና ብዛቱን ስጡ፣ ባይት አትቁጠሩ። «ሁሉንም በባይት ልላከው፣ ሳይዝኦፍን አባዝቼ» የሚል ፈተና ይመጣባችኋል። ተመሳሳይ ማሽኖች ላይ ይሠራል። አልነቅፈውም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ክፍተቱንም አብራችሁ እየላካችሁ ነው፤ በእኛ ስትራክት ከ24ቱ ባይት 11ዱ ባዶ ጭነት ነው። ከሌላ ዓይነት ማሽን ጋር ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ስትራክት የምትለዋወጡ ከሆነ የእያንዳንዱን ክፍል ቦታ ኮምፓይለሩን በሚጠይቀው በኦፍሴትኦፍ ውሰዱ፤ በእጅ አትደምሩ። ከዚያ ሪሳይዝድ አድርጉ። ለባፈሩ ሳይዝኦፍን በኤለመንቶቹ ብዛት ማባዛት በቂ ነው። ሜሞሪ የጠበበባችሁ ካልሆናችሁ በቀር የትሩ ኤክስቴንት ስሌት ውስጥ አትግቡ። 1000 ስትራክት ላይ የሚያተርፍላችሁ 4 ባይት ነው።

የማሽን ዓይነት የሚቀያየርባችሁ ከሆነ ከሎንግ ራቁ። ባለ 64 ቢት ኢንት መሆኑ በስሙ የተጻፈውን ዓይነት ተጠቀሙ፤ ኤምፒአይም አቻው አለው። ትልልቅ ዓይነት የምትገነቡ ከሆነ ደግሞ መልሱን ሁልጊዜ በሰፊው ሳጥን ተቀበሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙከራውን በአንድ ኤለመንት አታድርጉ። በአንድ ኤለመንት እርምጃ የለም፤ የተሳሳተ ኤክስቴንትም ትክክል ይመስላል። ቢያንስ ሦስት ላኩ። ከመላካችሁ በፊት የመቀበያውን ባፈር ከሚያስፈልገው ትንሽ አስረዝማችሁ በሙሉ በአንድ የታወቀ ቁጥር ሙሉት። ከደረሰ በኋላ ጭራው ላይ ያ ቁጥር ሳይነካ ካገኛችሁት፣ ሦስተኛውም ኤለመንት በቦታው ከሆነ፣ መጠኑን የጠየቃችሁት ትክክለኛውን ሰው ነው።